አዲስ ተኳሽ በሰደፍ እንዳይደነግጥ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ከጮቄ ግርጌ እስከ አባይ አፋፍ፣ ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ትምህርቱ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይወርድም። ወራሹ የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ነው፤ ሰው ከብቦት፣ ልቡ እየመታ፣ «ተኩስ እንጂ!» እየተባለ። ሰደፉ ትከሻውን ይደቁሰዋል፣ ጆሮው ይጮኻል። ከዚያ ቀን ወዲህ ምላጭ በሳበ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙም ሳይታወቀው ይወድቃል። ኢላማ መሳቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ክፋቱ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ የማያውቅ ባለ ጠመንጃ መሆኑ ነው።

እኔም የመጣሁት በዚያው መንገድ ነው። አያቴ የተዉልን ጠመንጃ ቤልጅግ ነበር፤ ረጅም፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ የሰደፉ ጫፍ በብረት የተለበጠ። በተኮስኩበት ማግስት ቀኝ ትከሻዬ ጠቁሮ አደረና እርፍ ጨብጬ መጫን አቃተኝ። ይህን ያየ አንድ ሰው፣ እጁ ለሁሉም ነገር የሚሆን ሰው ነው፣ «ባዶ ቀለህ አምጣልኝ፤ ባሩዱን ቀነስ አድርጌ እሞላልሃለሁ፤ ለመለማመጃ ይሆንሃል፣ አይመታህም» አለኝ። አምስት ሞላልኝ። አንደኛዋን ስተኩስ በተለመደው ጩኸት ፋንታ «ጱስ» ያለች ድምፅ ሰማሁ፤ ትከሻዬንም ምንም አልነካኝም። ደስ ብሎኝ ሁለተኛዋን ላጎርስ መዝጊያውን ስስብ አጎቴ እጄን ከነአንጓው ያዘኝ። ጠመንጃውን ተቀበለኝ፣ መዝጊያውን አወጣና ከኋላ በኩል በቧንቧው ውስጥ ወደ ሰማይ አየ። ብርሃን የለም። መወልወያ ዘንጉን ከአፈሙዙ አስገባው፤ መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። እርሳሷ ከቧንቧው መሐል ተቀርቅራለች። ሁለተኛዋን ብተኩስ ኖሮ ብረቱ የሚፈነዳው ከጉንጬ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አዲስ ተኳሽን ከጠመንጃ ምት ጋር እንዴት እንደሚያላምዱ ያሳያል፤ ቀለህ በቤት በመሙላት ግን አይደለም። ምቱን የሚያቀልሉ ሌሎች መንገዶች አሉ፣ አብዛኞቹም ያለ ጥይት የሚሠሩ ናቸው።

ከሁሉ በፊት

ፈቃዱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ያደርገዋል፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትም ሆነ መሣሪያ መጠገን በሕግ ያስጠይቃል። ጠመንጃው ያልተመዘገበ ከሆነ የሚቀጥለውን ማንበብ ትተው መጀመሪያ ይህን ያስተካክሉ። የሚለማመደውም ሰው ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ በሕግም የተፈቀደለት ይሁን። ልጅ «ይልመድ» ተብሎ ጠመንጃ አይሰጠውም።

ቦታው። ዛሬ በእኛ አካባቢ የአንዲት ጥይት ድምፅ በአንድ ቀበሌ ላይ ምን እንደምታስከትል ለጎጃም አንባቢ መንገር አያስፈልግም። እናት ልጆቿን ሰብስባ መሬት ላይ ታስተኛለች። ስለዚህ የሚመለከተው አካል ፈቅዶ ባዘጋጀው ቦታ ካልሆነ በቀር እውነተኛ ተኩስ አይኑር። ከዚህ በታች የተጻፈው ልምምድ አብዛኛው ቤት ውስጥ፣ ጥይት በሌለበት የሚሠራ ነው፤ እዚያ ድረስ ብቻ ቢሄዱም ብዙ ርቀዋል።

ያለዎትን ጥይት ይለዩ

የአያት ጠመንጃ ሲወረስ ከጠመንጃው ጋር አንድ ዝናር ወይም አንድ ከረጢት ጥይት አብሮ ይመጣል። እነዚህን ጥይቶች ማንም ሳይመረምራቸው ዓመት ከዓመት ተሰቅለው ይኖራሉ። በቀን ብርሃን፣ ጠመንጃው ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ይዩዋቸው።

የቀለሁን ቂጥ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል። ጥይቱ የዚያ ጠመንጃ መሆኑን ያረጋግጡ። በቁጥር መመሳሰል ማለት ልክ መሆን አይደለም፤ የክላሽ ጥይት 7.62 ነው፣ የሩሲያው ረጅም ጠመንጃም ጥይት 7.62 ነው፣ ግን የአንዱ በሌላው አይገባም። ቤልጅግ 7.92 ነው። «ትንሽ ብትጠብም ትገባለች» የሚል ሰው ካለ ጥይቱንም ጠመንጃውንም ከእጁ ይቀበሉት።

አረንጓዴ ዝገት ያወጣውን፣ አንገቱ የተሰነጠቀውን፣ እርሳሱ በጣት ሲነኩት የሚንቀሳቀሰውን፣ ቂጡ ላይ ያለችው ክብ የተመታችውን ወይም ወደ ውጭ ያበጠችውን ለብቻ ያስቀምጡ። የተሞላ የሚመስለውንም እንዲሁ፤ እርሳሱ ላይ የጉጠት ጭረት ካለ፣ አንገቱ ላይ የመዶሻ ምልክት ካለ፣ ቁመቱ ከሌሎቹ ከረዘመ ወይም ካጠረ የሰው እጅ ገብቶበታል። እነዚህን ሁሉ ለፖሊስ ያስረክቡ። እሳት ውስጥ አይጣሉም፣ ሽንት ቤት አይጣሉም፣ ወንዝም አይወረወሩም፤ ልጆች ያገኟቸዋል። ደኅና የሚመስለውንም ጥይት ዘይት ወይም ቅቤ አይቀቡት። ቅባቱ ሰርጎ ሲገባ ጥይቱን ያከሽፈዋል፤ ላዩ ላይ ሲቀርም ቀለሁ በሚተኮስበት ጊዜ የጓዳውን ግድግዳ ቆንጥጦ እንዳይዝ ያደርገዋል፣ ኃይሉም ሁሉ መዝጊያው ላይ ያርፋል።

ቀለህ ስለ መሙላት

እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «አባቶቻችን ይሞሉ አልነበር?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አዎ፣ ይሞሉ ነበር። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ነው፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ነበር። የውጅግራ ጥይት በዚያ ዘመን በየገበያው እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ቀለሁን የሚጥል አልነበረም፤ እርሳስ አቅልጦ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ መልሶ ይተኩሰዋል።

ልዩነቱ ባሩዱ ላይ ነው። የውጅግራ ባሩድ ጥቁሩ፣ ጭሱ ሜዳውን የሚሸፍነው ነው። ያ ባሩድ ቀለሁን እስከ አንገቱ ሞልቶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ሰው በስህተት እጥፍ ልሙላ ቢልም ቀለሁ አይችልለትም፣ ይፈስበታል። ጭስ አልባው ባሩድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከፈረንሳዩ ለበን ጠመንጃ ጋር መጣ። ይህኛው በጥቂት መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣል። ሲቀነስ ደግሞ ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ውስጡ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይሁን ሁለት ጊዜ በዓይን አይለይም። የአያቶቻችን እውቀት ለጊዜው ጠመንጃ ትክክል ነበር። ያው እጅ፣ ያው ልማድ፣ ቤልጅግ ላይ ሲመጣ ሰው ይገድላል።

የቤልጅግ ጥይት ሲተኮስ በጓዳው ውስጥ ያለው ግፊት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከ1,000 ጊዜ በላይ ነው። «ባሩዱን ስቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል፣ እንግዲህ ምን አደጋ አለው?» ይባላል። አደጋው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የእኔ ነው፤ ባሩዱ ሲያንስ እርሳሱ ቧንቧውን ጨርሶ መውጣት ያቅተዋል፣ መሐል ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ይመጣበታል። ሁለተኛው የረቀቀ ነው፤ ለትልቅ ጥይት ተብሎ በዝግታ እንዲነድ የተሠራ ባሩድ በጣም ሲያንስ አቀጣጠሉ ይዛባል፣ አንዱ ጥይት ይዳከማል፣ ሌላው ከልኩ በላይ ሊገፋ ይችላል። የጥይት መሙላት ባለሙያዎች የባሩዱን ዓይነት ሳያውቁ መጠን መቀነስን እጅግ የሚፈሩት ለዚህ ነው። ከክላሽ ጥይት ፈልቅቆ ያወጣውን ባሩድ ለቤልጅግ የሚሞላ ሰው ደግሞ ምን እንደያዘ ጭራሽ አያውቅም፤ ባሩድ በመልኩ አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሮጌው የወታደር ጥይት በአብዛኛው ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ ክብ በሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ነው እሳቷን ወደ ውስጥ የምታስተላልፈው። ይህ አሠራር ክቧን ከውስጥ በቀጭን ብረት ገፍቶ ለማውጣት አይመችም። በቤት የሚሞላ ሰው ከውጭ በሚስማር ሊፈለቅቃት ይነሳል። ሳትተኮስ የቀረች ከሆነች እዚያው እጁ ላይ ትፈነዳለች፤ ጣትና ዓይን የሚጠፋው እንዲህ ነው።

በሌላ አገር ቀለህ መሙላት የተፈቀደ ሥራ ነው። የሚሞላው ሰው ፋብሪካ ፈትኖ ያሳተመውን የመጠን መጽሐፍ ዘርግቶ፣ ስሙና ቁጥሩ የታወቀ ባሩድ ገዝቶ፣ ከአንድ ግራም መቶኛ በታች በሚለይ ሚዛን እየመዘነ፣ እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት አይቶ ነው። ያም ሆኖ ጦር ኃይሎች አዲስ ምልምል ሲያሠለጥኑ ሌላ ዘዴ መርጠዋል፤ እንግሊዞች የራሳቸውን ጠመንጃ የሚመስል፣ ክብደቱም የሚቀራረብ፣ ግን በጣም ትንሽ የሆነችውን የ22 ካሊበር ጥይት የሚተኩስ ማሠልጠኛ አሠሩ፤ ጀርመኖችም እንዲሁ አደረጉ። የዚያች ጥይት እርሳስ 2.6 ግራም ብቻ ናት። ምልምሉ አያያዙን፣ አተነፋፈሱን፣ አነጣጠሩን ያለ ምት ተምሮ ወደ ትልቁ ይሻገራል። እኛ ያ ጠመንጃ ባይኖረንም ሐሳቡን መውሰድ እንችላለን፤ መጀመሪያ ምት የሌለው ልምምድ፣ ቀጥሎ ምቱ።

ምቱ ከየት ይመጣል

ከቤልጅግ የሚወጣው እርሳስ 12 ግራም ተኩል ያህል ሆኖ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይፈተለካል። ወደ ፊት የሄደው ያህል ግፊት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የባሩዱም ጋዝ የራሱን ይጨምራል። ክላሽ የሚወረውረው 8 ግራም የማይሞላ ነው፤ ግፊቱም ከቤልጅግ ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ያን ግፊት በቤት ሊቀንሱት አይችሉም። ሊለውጡ የሚችሉት ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ነው። ሰደፉ ትከሻ ላይ ተደግፎ ከነበረ ግፊት ነው፤ በሰደፉና በትከሻው መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ካለ ግን በጡጫ መመታት ነው። አዲስ ተኳሽ ምቱን ስለሚፈራ ሰደፉን ከትከሻው ያርቃል፣ ባራቀ ቁጥር ይበልጥ ይመታዋል፣ በተመታ ቁጥር ይበልጥ ያርቃል።

በባዶ ጠመንጃ

ጥይት በሙሉ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቆለፍ። ከዚያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው ያረጋግጥ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን ትንሿን ጣት ጓዳው ውስጥ አስገብቶ በመዳሰስ። ካዝናውንም እንዲሁ። «ባዶ ነው» ተብሎ የባረቀውን ጠመንጃ ብዛት የሚያውቅ ሰው ይህን አይሰለችም። አፈሙዙ ሰው፣ ከብት፣ ወይም ከጀርባው ሰው ሊኖር የሚችል የጭቃ ግድግዳ ላይ አይደገን። የጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም።

ተለማማጁን ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ። የጠመንጃው የፊት እንጨት በማዳበሪያው ላይ ይረፍ። ደረቱ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል፤ ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ይገፋል፣ ወደ ፊት የተጫነ ሰው ይቀበላል። ብዙዎች አዲስ ተኳሽን መሬት ላይ በደረቱ ያስተኙታል፤ ለኢላማ ይረጋል፣ ለምት ግን ከሁሉም የከፋው ነው። የተኛ ሰው ትከሻ ወደ ኋላ የሚሄድበት የለውም።

አሁን የሰደፉን ቦታ ይፈልጉ። ቀኝ ክንዱን ወደ ጎን ከፍ ሲያደርግ ከአንገቱ ሥር ባለው የፊት አጥንትና በክንዱ መገጣጠሚያ መካከል የሥጋ ጎድጓዳ ይፈጠራል፤ ሰደፉ እዚያ ይቀመጣል። አጥንት ላይ አይደለም፣ ክንድ ላይም አይደለም። የእኔን ትከሻ ያጠቆረው ክንዴ ላይ መደገፌ ነበር። ቀኝ እጅ ሰደፉን ወደ ትከሻ አጥብቆ ይሳብ፤ የግራው እጅ ከማዳበሪያው ጋር ሆኖ ይደግፍ። ጉንጩ እንጨቱን ይንካ፤ አውራ ጣቱ ግን ከአፍንጫው ፊት እንዳይቆም፣ ሲመለስ አፍንጫ ይመታልና። የሰደፉ ብረት ከከበደው የጋቢ ጫፍ አጥፈው በትከሻውና በሰደፉ መካከል ያድርጉ፣ ግን እንዳይንሸራተት ልብሱ ላይ በመርፌ ይያያዝ። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው፤ አንድ እጥፋት ይበቃል። ሲበዛ ሰደፉ መሬት የለቀቀ ምሰሶ ይሆናል።

ሰደፉ ለክንዱ ከረዘመ፣ ማለትም ጣቱ ምላጩ ላይ ሲያርፍ ክንዱ ከተዘረጋ፣ ያ ጠመንጃ ለዚያ ሰው አይሆንም። ይህ በመለማመድ አይሸነፍም።

ከዚያ የሳንቲም ልምምድ። ባለ አንድ ብር ሳንቲም አፈሙዙ አጠገብ በቧንቧው ላይ ያስቀምጡ። ተለማማጁ ዓይኑን ከፍቶ፣ ትንፋሹን ግማሽ አውጥቶ ይዞ፣ ምላጩን በአመልካች ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቀስ ብሎ ይጫን። ሳንቲሙ ሳይወድቅ «ጠቅ» ማለት አለበት። መጀመሪያ ላይ ይወድቃል፤ አይቆጡት። ምላጭ «አይሳብም»፣ ይጨመቃል፤ ልክ ሎሚ እንደ መጭመቅ፣ መቼ እንደሚለቅ ሳይታወቅ። በአንድ ቀን 15 ጊዜ በቂ ነው። ከቀን ወደ ቀን ተቆጥሮ በተከታታይ 20 ጊዜ ሳንቲሙ ሳይወድቅ እስኪያደርግ ድረስ ጥይት አይታሰብ። ለአንዳንዱ አንድ ሳምንት፣ ለአንዳንዱ ሁለት ወር ይፈጃል። አጎቴ እኔን ለማስለመድ አንድ ክረምት ሙሉ ነው የፈጀበት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ከምድጃው ማዶ ባለው ወንበር፣ ሳንቲሙ ደግሞ በወደቀ ቁጥር አመዱ ውስጥ እየገባ።

የመጀመሪያዋ ጥይት

በተፈቀደ ቦታ፣ ከኢላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ባለበት። የቤልጅግ እርሳስ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ሜዳ ላይ የተተከለ ኢላማ ጀርባው ባዶ ከሆነ ኢላማው አገሩ በሙሉ ነው።

ጆሮ መሸፈን አለበት። የጠመንጃ ድምፅ ወደ 160 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ከ140 በላይ የሆነ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ እንኳ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ጥጥ መወተፍ አይበቃም፤ በግንባታ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የጆሮ መሸፈኛ ይሻላል። ይህ ለጤና ብቻ አይደለም። አዲስ ተኳሽ ከሚፈራው ግማሹ ድምፁ ነው፤ ጆሮው ሲሸፈን ያው ጠመንጃ ቀሎት ይሰማዋል።

አንዲት ጥይት ብቻ ያጉርሱለት። ሁልጊዜ አንዲት። ከተኮሰ በኋላ ጠመንጃውን ተቀብለው ትከሻውን ይጠይቁት፤ ቁስል ካለ ቦታውን ያርሙ። በመጀመሪያው ቀን ከ5 ጥይት አይበልጥ። ስድስተኛዋ ትምህርት አትጨምርም፣ የደከመ ትከሻና ፍርሃት ብቻ ትጨምራለች።

አሁን ከሁሉም የሚበልጠውን ዘዴ ልንገርዎ። ጠመንጃውን እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ያጎርሱ፤ ወይም እያጎረሱ መስለው ባዶውን ዘግተው ይስጡት። የትኛው እንደሆነ ተለማማጁ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ አድርጎ ይይዘዋል። አፈሙዙን ከጎን ይመልከቱ። ባዶው «ጠቅ» ሲል አፈሙዙ ወደ መሬት ከወደቀ ሰውየው ምቱን ቀድሞ እየተቀበለ ነው። እኔ ላይ ሲሠራ አፈሙዙ አንድ ጋት ነበር የወረደው፤ ዓይኔም ተጨፍኖ ነበር፣ እኔ ግን ከፍቼው የነበረ መስሎኝ ተከራክሬያለሁ። ምንም ጥይት ሳይወጣ ራሱን ሲያይ ሰው ይታረማል። ከሦስት ባዶ አንድ እውነተኛ እያደረጉ አፈሙዙ በባዶውም በእውነተኛውም እኩል እስኪረጋ ይቀጥሉ። የጥይት ወጪውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆዩ፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ይነሳል። ከዚያ ብቻ መዝጊያው ይከፈት። ድምፁ ከደከመ ወይም ምቱ ከወትሮው ከቀለለ ደግሞ ያን ቀን ተኩሱ አበቃ። መዝጊያው ይውጣ፣ ከኋላ በኩል ብርሃን ይታይ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልታየ በሌላ ጥይት ሊገፉት፣ በዘንግ ሊቀጠቅጡት አይሞክሩ፤ ለባለሙያ ይስጡት። ጥይት ቀላል ስትሆን ደስ የሚለው ሰው እኔ ነበርኩ።

ከተኩስ በኋላ

አሮጌ የወታደር ጥይት ሲነድ ቧንቧው ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ጠመንጃውን ወዲያው በዘይት ወልውሎ የሰቀለ ሰው ጨውን ከብረቱ ጋር አብሮ አሽጎታል፤ በሁለት ሳምንት ቧንቧው ውስጡ ቀይ ይሆናል፣ በተለይ በክረምት። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ውሃ ነው። መዝጊያውን ያውጡ፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ከኋላ በኩል የፈላ ውሃ በትንሽ ማፍሰሻ ያፍስሱ። ግማሽ ሊትር ይበቃል። ከእኛ ከፍታ የተነሳ ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ግን ያ በቂ ነው፤ ብረቱ በራሱ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል። የመዝጊያውንም ፊት በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ በዘንጉ፣ ጥቁሩ እስኪጠፋ። ከዚያ ብቻ ስስ ዘይት። በማግስቱ እንደገና አንድ ጨርቅ ያሳልፉ፤ ቢጫ ካወጣ ጨው ቀርቷል፣ ውሃውን ይድገሙ።

ጠመንጃው ከቆዳ አፎት ውስጥ አይደር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከምድጃ በላይም አይሰቀል፤ ጭሱ ያደርቀዋል የሚባለው ለበርበሬ እንጂ ለብረት አይሠራም።

ስለ ሠርግ ተኩስ አንድ ቃል ብቻ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ እርሳስ ይመለሳል። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቢወርድ እንኳ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይዞ ይወርዳል፣ የልጅ ራስ ለመብሳት ይበቃዋል፤ አዘንብሎ ከተተኮሰ ደግሞ ፍጥነቱ የባሰ ነው፣ የሚያርፈውም በሌላ ቀበሌ ነው። ያስተማሩትን ሰው ሠርግ ላይ «ተኩስ» ሲሉት ምን እንደሚመልስ ቀድመው ያለማምዱት። አጎቴ ያስጠናኝ መልስ «ጥይቱ ቤት ነው፣ ቁልፉም ከእኔ ዘንድ የለም» የሚል ነበር፤ እውነትም ነበር።

በእኛ ቤት አሁንም እንደዚያው ነው። ጠመንጃው በአንድ ሳጥን፣ መዝጊያው በሌላ፣ ጥይቱ በሦስተኛ ደረቅ ቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጣል። ከቆርቆሮው ክዳን ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል፤ የጥይቱ ብዛት፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰው ቀለህ ቁጥር ይጻፍበታል። ቀለሁ ከተተኮሰው ጋር እኩል ካልሆነ ማንም አይተኛም፣ እስኪገኝ ይፈለጋል። የሦስቱም ሳጥን ቁልፍ የእናቴ መቀነት ጫፍ ላይ ተቋጥሯል።